«መታወቂያውን አንተ ያዝልኝ»፦ የአዋቂዎች ቪዲዮ፣ የተዋንያን ዕድሜና መዝገብ የመያዝ ግዴታ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። ሠርግና ልደት እቀርጻለሁ፣ ኤዲት አደርጋለሁ። አንድ የማውቀው ሰው የአዋቂዎች ቪዲዮ የሚሸጥበት ዌብሳይት ከፍቷል። ኤዲት እንዳደርግለትና ዌብሳይቱ ላይም እንድጭንለት ጠየቀኝ። ክፍያው ጥሩ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ‹የተዋንያኑን መታወቂያ ኮፒ አንተ ያዝልኝ፣ ዌብሳይቱ ላይ ያንተን ስምና አድራሻ እናስገባ፣ ሕጉ አንድ ሰው ይፈልጋል› አለኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ሰዎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ፊታቸው ያስታውቃል። ዌብሳይቱም ሲከፈት ‹18 ዓመት ሞልቶኛል› የሚል ቁልፍ አለው። አንዷ ተዋናይ ሀበሻ ናት፤ ያላት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ ነው። ብስማማ ምን ይመጣብኛል?»

መልስ፦ መታወቂያውን አይያዙ። ስምዎንና የቤትዎን አድራሻም አይስጡ። ኤዲቲንጉን ብቻ መሥራት ከፈለጉ በምን ሁኔታ እንደሚቻል ወደ ታች እነግርዎታለሁ። ሥራው ያስነውራል አያስነውርም የሚለውን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይጨርሱት፤ እኔ የተጠየቅኩት ሕጉን ነው።

መጀመሪያ የተምታታውን እንለይ። መግቢያው ላይ ያለው ቁልፍ የሚመለከተው ተመልካቹን ነው። ጓደኛዎ የሚያወራው ደግሞ ቪዲዮው ውስጥ ስለሚታየው ሰው ነው። ሁለቱ ጨርሶ የተለያዩ ሕጎች ናቸው። የተመልካቹን ዕድሜ አረጋግጡ የሚሉት የየስቴቱ ሕጎች ናቸው። ሉዊዚያና ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላዋለች፤ ቴክሳስና ሌሎች ስቴቶች ተከትለዋል። (ቀኖቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።) የቴክሳሱ ሕግ ተከሶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም በጁን 2025፣ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ሕጉን አጸናው። በእነዚህ ስቴቶች «ሞልቶኛል» ብሎ ቁልፍ መጫን አይበቃም፤ መታወቂያ ወይም ሌላ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ይህ ግን የዌብሳይቱ ባለቤት ራስ ምታት ነው። የእርስዎ ሌላ ነው።

የእርስዎን ጉዳይ የሚገዛው የፌዴራል ሕግ ነው፦ ርዕስ 18፣ ክፍል 2257። በሥራው ያሉ ሰዎች በቁጥሩ ብቻ ነው የሚጠሩት። ዝርዝሩ የሚገኘው ደግሞ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ባወጣው ደንብ ውስጥ ነው።

ይህን ሕግ የወለደው «ፊታቸው ያስታውቃል» የሚለው አነጋገር ራሱ ነው። በ1980ዎቹ ሎስ አንጀለስ ውስጥ እጅግ የታወቀች አንዲት የወሲብ ፊልም ተዋናይ ነበረች። በ1986 እንደተደረሰበት፣ ከፊልሞቿ አብዛኞቹን የሠራችው 18 ሳይሞላት ነው። የያዘችው መታወቂያ ዕድሜዋን ከፍ የሚያደርግ ሐሰተኛ ነበር። የቀረጿት ሰዎች መከላከያ «ትልቅ ሴት ነው የምትመስለው፣ መታወቂያም አሳይታለች» የሚል ነበር። ፊልሞቹ ከየመደብሩ ተለቅመው ወጡ። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ያቋቋሙት ኮሚሽን፣ አምራቾች የተዋንያንን ዕድሜ የሚያሳይ መዝገብ እንዲይዙ ይገደዱ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ኮንግረስ በ1988 ሕጉን አወጣ። ከዚያ ወዲህ በ1990፣ በ2003 እና በ2006 ተሻሽሏል።

ስለዚህ ሕጉ መልክ አያይም። ሽበት ያወጡ ባልና ሚስት ራሳቸውን ቀርጸው ቢሸጡም መዝገብ ይጠየቃሉ። ያስቃል፤ ፍርድ ቤት ውስጥ ብዙ ያከራከረውም ይኸው ነው።

አምራቹ ማድረግ ያለበት ይህ ነው። ከቀረጻው በፊት የእያንዳንዱን ተዋናይ መታወቂያ በዓይኑ ያያል። ሕጋዊ ስሙንና የትውልድ ቀኑን ይመዘግባል፣ በደንብ የሚነበብ ኮፒ ያስቀራል። ሰውየው የተጠራባቸውን ሌሎች ስሞች በሙሉ ይጽፋል፦ የመድረክ ስም፣ የቤት ስም፣ ከጋብቻ በፊት የነበረ ስም። ቀረጻው የተደረገበትን ቀን ያሰፍራል። የቪዲዮው ቅጂና ኢንተርኔት ላይ የወጣበት ሊንክ አብረው ይቀመጣሉ። ቀጥታ ሥርጭት እንኳ ቢሆን፣ ሰዎቹን ለመለየት የሚበቃ ርዝመት ያለው ቅጂ መቅረት አለበት። መዝገቡ በሰው ስምም በቪዲዮ ርዕስም ተፈልጎ እንዲገኝ ሆኖ ይደራጃል። ከሌላ ወረቀት ጋር አይቀላቀልም። ሁሉንም ነገር ሰብስቦ ከታክስ ደረሰኝ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ የከተተ ሰው አጋጥሞኛል። አንድም መታወቂያ አልጎደለም፤ አቀማመጡ ግን ብቻውን የደንብ ጥሰት ነበር።

ይህ ሁሉ ለ7 ዓመት ይቆያል። መዝገቡ ላይ አዲስ ነገር ከተጨመረ 7ቱ ዓመት ከዚያ ቀን ይቆጠራል። ድርጅቱ ቢዘጋ እንኳ ከተዘጋ በኋላ ለ5 ዓመት መያዝ አለበት። ለተቆጣጣሪ ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 20 ሰዓት ክፍት መሆን አለበት። «ያዝልኝ» የሚለው ቃል ስንት ዓመት እንደሚያስይዝ አሁን ያዩታል።

ወደ ስምዎ እንምጣ። ሕጉ ቪዲዮው ላይ፣ ዌብሳይት ከሆነም ምስሉ በሚታይባቸው ገጾች ላይ፣ መዝገቡ የት እንደሚገኝ የሚናገር መግለጫ እንዲለጠፍ ያዛል። አድራሻው ሰው ሄዶ የሚያንኳኳው ትክክለኛ የመንገድ አድራሻ ነው። የፖስታ ሣጥን ቁጥር አይቻልም። አምራቹ ድርጅት ከሆነ የመዝገብ ያዡ የሥራ መደብና የሥራ አድራሻ ይጻፋል። ጓደኛዎ «ሕጉ አንድ ሰው ይፈልጋል» ያለው ከዚህ የመጣ ነው፤ ግማሹም እውነት ነው። ያልነገረዎት ሌላው ግማሽ አለ፦ መዝገብ ያዡ ራሱ መሆን ይችላል። የሱ አድራሻ እዚያ ገጽ ላይ እንዲወጣ ስላልፈለገ ነው የእርስዎን የጠየቀው። ለራሱ ያልወደደውን ነው ለእርስዎ የሰጠዎት።

አድራሻዎ አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይገባም። ቪዲዮው ሌላ ሰው ጋ ሲቀዳ መግለጫውም አብሮ ይቀዳል። የተዋናዮቹን ደጅ ማግኘት ያቃተው አጉል አፍቃሪ የእርስዎን ደጅ ያገኛል። የሀበሻው ማኅበረሰብ ወሬ ሳይቆጠር ነው ይህ።

አንድ ነገር ግን ለጓደኛዎ ይጠቅመዋል። ደንቡ በ2008 ሲሻሻል፣ መዝገቡን የድርጅቱ ሠራተኛ ያልሆነ ሰው በራሱ ቢሮ እንዲይዝ ተፈቅዷል። ይህን ሥራ በክፍያ የሚሠሩ ሰዎችና የሕግ ቢሮዎች አሉ፤ አድራሻው የእነሱ ይሆናል። ይሁንና መዝገቡን ሌላ ሰው ጋ ማስቀመጥ አምራቹን ከኃላፊነት አያወጣውም። አንድ መታወቂያ ቢጎድል የሚጠየቀው አምራቹ ነው። ስለዚህ «አንተ ጋ ካስቀመጥኩት እኔ ነፃ ነኝ» ብሎ አስቦ ከሆነ ተሳስቷል።

ቀጥሎ ያለውን በደንብ ያንብቡት፤ የእርስዎ አደጋ ያለው እዚህ ነው። ሕጉ ሁለት ዓይነት አምራች ያውቃል። የመጀመሪያው የሚቀርጸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ የተቀረጸውን የሚያሳትም፣ ዌብሳይት ላይ የሚያስገባ ወይም የዌብሳይቱን ይዘት የሚያስተዳድር ነው። ሁለቱም መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለባቸው። ፊልም የሚያጥብ፣ ዲጂታል የሚያደርግ ወይም የሚያባዛ፣ ከዚያ በቀር በይዘቱ ላይ ሌላ የንግድ ጥቅም የሌለው ሰው አምራች አይባልም። አምራቹ ድርጅት ሲሆንም የድርጅቱ ሠራተኛ ወይም ወኪል በግሉ እንደ አምራች አይቆጠርም።

እንግዲህ ራስዎን ይመዝኑ። በሰዓት ተከፍሎዎት ቆርጠው፣ ድምፅ አስተካክለው ፋይሉን ከመለሱ ከመስመሩ ወዲህ ነዎት ብሎ መከራከር ይቻላል። እርስዎ ራስዎ ዌብሳይቱ ላይ ከጫኑ፣ የትኛው ቪዲዮ መቼ ይውጣ ብለው ከወሰኑ፣ ወይም ከሽያጩ ፐርሰንት ከወሰዱ ግን ሁለተኛ ደረጃ አምራች ነዎት ለመባል መንገዱ ክፍት ነው። ጓደኛዎ የተመዘገበ ድርጅት ከሌለውና በግሉ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ «የድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ» የሚለው ከለላ አይኖርዎትም። «እሱ ነው ባለቤቱ፣ እኔ ስጭን ብቻ ነው» የሚለው አነጋገር ለሠርግ ቪዲዮ ይሠራል። እዚህ አይሠራም።

ቅጣቱ ቀላል አይደለም። መዝገብ አለመያዝ፣ አውቆ ሐሰት መመዝገብ፣ መግለጫውን አለመለጠፍ፣ መግለጫ የሌለውን ቪዲዮ እያወቁ መሸጥ፣ ሁሉም ወንጀል ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 5 ዓመት እስር ያስፈርዳሉ። ለተደገመ ከ2 ዓመት የማያንስ፣ እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ነው። ልብ ይበሉ፣ ለዚህ ቅጣት ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው መገኘት አያስፈልግም። ወረቀቱ መጉደሉ ይበቃል። በ2006 ማንትራ ፊልምስ የተባለው ኩባንያ በዚህ ሕግ ተከሶ ጥፋተኛ ነኝ አለ። እሱና ተያያዥ ድርጅቱ በድምሩ 2.1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ።

በአንጻሩ ወረቀቱ መሟላቱ ጋሻ አይሆንም። የተቀረጸችው ልጅ 18 ያልሞላት ሆና ከተገኘች ጉዳዩ ወደ ሌላ ሕግ ይሻገራል፤ የመነሻ ቅጣቱ 15 ዓመት ነው። በዚያ ሕግ ዓቃቤ ሕግ ቀራጩ ዕድሜዋን ያውቅ እንደነበር የማስረዳት ግዴታ የለበትም። የሚያሳምን ሐሰተኛ መታወቂያ አይቶ የተታለለ ሰው የሚከራከርባት ጠባብ ቀዳዳ በአንዳንድ ፍርድ ቤቶች አለች። በእሷ ላይ ተማምኖ ግን ሥራ አይጀመርም።

«ሕጉ እኮ በፍርድ ቤት ፈርሷል» የሚል ሰው ያጋጥምዎት ይሆናል። ይህም ግማሽ እውነት ነው። በ2006 እና 2007 የኤፍቢአይ ሰዎች ሳይጠሩ እየሄዱ የበርካታ ኩባንያዎችን መዝገብ ፈትሸው ነበር። የዘርፉ ማኅበርና አንዳንድ ፎቶ አንሺዎች ፊላደልፊያ ላይ ከሰሱ። ክርክሩ ከ10 ዓመት በላይ ፈጀ። ሦስተኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2016 ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚደረገው ፍተሻ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። በ2020 ደግሞ የመዝገብና የመግለጫ ግዴታው ከከሳሾቹ በአንዳንዶቹ ላይ ተፈጻሚ እንዳይሆን ወሰነ። ሕጉን ግን ለሁሉም ሰው አልሰረዘውም። ደግሞም ያ ፍርድ ቤት የሚገዛው ፔንሲልቬንያን፣ ኒው ጀርሲንና ዴላዌርን ነው። እርስዎ ኔቫዳ ነው ያሉት፤ ኔቫዳ የዘጠነኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት ክልል ናት። የሌላ ሰው ፍርድ ለእርስዎ ከለላ አይሆንም።

የፌዴራሉ ሕግ ባይኖር እንኳ ባንኮቹ አሉ። ማስተርካርድ ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ የአዋቂዎች ይዘት ሻጮች በቪዲዮው የሚታየውንም የሚጭነውንም ሰው ማንነትና ዕድሜ በሰነድ እንዲያረጋግጡ፣ ይዘቱንም ከመውጣቱ በፊት እንዲመለከቱ ያዛል። ሰነድ የሌለው ሻጭ የካርድ ክፍያ ይዘጋበታል። ብዙዎችን ሥርዓት ያስያዛቸው ከኤፍቢአይ ይልቅ ይህ ይመስለኛል።

አሁን ስለ ኢትዮጵያዊቷ ተዋናይ። ቀረጻው አሜሪካ ውስጥ ከሆነ ደንቡ የሚቀበለው በአሜሪካ መንግሥት ወይም በስቴት የተሰጠ ፎቶ ያለው መታወቂያ ነው፦ የአሜሪካ ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ፣ የሥራ ፈቃድ ካርድ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የስቴት መታወቂያ። የውጭ አገር ፓስፖርት የሚሠራው በቀረጻው ቀን ተዋናይዋም መዝገብ የሚይዘው አምራችም ከአሜሪካ ውጭ ሲሆኑ ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ ላስ ቬጋስ ውስጥ የተቀረጸ ቪዲዮ መዝገቡ ጎዶሎ ነው። የሥራ ፈቃድ ከሌላት ደግሞ በኢሚግሬሽን በኩል ለእሷም ለቀጣሪዋም ሌላ ጣጣ አለ። ያንን ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ትነጋገርበት፤ በጓደኛዎ በኩል ሳይሆን ራሷ።

የፈረንጅ ጠበቃ የማይነግርዎትን አንድ ነገር ልጨምር። ከአገር ቤት የመጣ ወረቀት፣ የቀበሌ መታወቂያም ሆነ የድሮ የልደት ካርድ፣ የትውልድ ቀኑ ብዙ ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ነው። ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2008 ነው የተወለደችው። አንድ ሰው ወረቀቱን በ2023 አይቶ «2000» የሚለውን እንደ ፈረንጅ ቢያነበው 23 ዓመቷ ነው ይላል። እውነቱ 15 ነው። ይህ ስሕተት ሳይሆን ጥፋት ነው፤ በደንቡ የማይሠራ ወረቀት «ለማንኛውም» ተብሎ ሲታይ የሚመጣውም እንዲህ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጻፍ ይህ ችግር የለበትም። ግን በስደት ካምፕ በኩል የመጣ ብዙ ሰው ልደቱ ጃንዋሪ 1 ሆኖ እንደሚገኝ እኔም እርስዎም እናውቃለን። ቀኑ የግምት መሆኑን የሚያውቅ አምራች፣ ተዋናይዋ ለ18 ቅርብ ከሆነች፣ ቀረጻውን መተው አለበት። ስሞችንም ይጠንቀቁ። በእኛ ልማድ ሁለተኛው ስም የአባት ስለሆነ፣ አጻጻፉም ከሰነድ ሰነድ ስለሚለያይ፣ አንድ ሰው ሦስት ዓይነት ሆኖ ይገኛል። መዝገቡ ሦስቱንም ማሳየት አለበት።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሥራውን ጨርሶ መተው አንድ አማራጭ ነው፤ ማንም አያስገድድዎትም። ልሥራ ካሉ ግን እንዲህ ይሁን። በጽሑፍ ውል ያድርጉ፤ ውሉ ኤዲተር ብቻ እንደሆኑ፣ ክፍያዎም በሰዓት ወይም በሥራ እንደሆነ ይናገር። ከሽያጭ ፐርሰንት አይውሰዱ። የዌብሳይቱን የይለፍ ቃል አይቀበሉ፣ አይጫኑ። ማንኛውንም ቪዲዮ ከመክፈትዎ በፊት የሁሉም ተዋንያን መታወቂያ መረጋገጡን የሚገልጽ ፊርማ ያለበት ወረቀት ከአምራቹ ይቀበሉ። የመታወቂያ ኮፒ ማየት ካስፈለገዎት አድራሻውና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ የተሸፈነ ይሁን። ደንቡ ይህን ይፈቅዳል፤ የመታወቂያው ቁጥር ግን አይሸፈንም። ውሉን ከመፈረምዎ በፊት በዚህ ዘርፍ ለሚሠራ የኔቫዳ ጠበቃ አንድ ሰዓት ይክፈሉ። እኔ እዚህ የጻፍኩት የእርስዎን ወረቀቶች ሳላይ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ኤዲተር እያንዳንዱን ፍሬም ያያል፤ በኋላ «አላየሁም» ማለት አይችሉም። አንዱ ቪዲዮ ላይ ያለችው ልጅ ዕድሜዋ ካጠራጠረዎት ወዲያውኑ ያቁሙ። ለጓደኛ «እስቲ እያት፣ ልጅ አትመስልም?» ብለው በቴሌግራም አይላኩ፤ መላኩ ራሱ ከባድ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ለማንም ሳያሳዩ፣ ሳይገለብጡ፣ በዚያው ቀን ጠበቃ ያናግሩ። ሁለተኛ፣ ሥራውን ለማርከስ ብለው አዲስ አበባ ላለ ኤዲተር እንዳይልኩ። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 640 እንዲህ ያለ ነገር ማዘጋጀትና ማሰራጨት በራሱ ወንጀል ነው። እዚህ ፈቃድ ያለው ነገር እዚያ ያለውን ልጅ ያሳስረዋል።

ለጓደኛዎ የሚሉት ካጣዎት ይህን ይላኩለት፦ «መታወቂያ አልይዝም፣ አድራሻዬም አይወጣም። መዝገብ ያዥ ራስህ ሁን፣ ወይም በክፍያ የሚይዝልህ ቅጠር። የሁሉም ሰው የአሜሪካ መታወቂያ መረጋገጡን ፈርመህ ስትልክልኝ ኤዲቲንጉን እጀምራለሁ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ የተቀረጸውን ቪዲዮ ግን ከዌብሳይቱ አውርደው።»